ብርቅዬ የውኃ ወፍ በግድብ ላይ ሲታይ፦ ከምልከታ እስከ ጥበቃ የሚያደርስ ዝርዝር መመሪያ

በኢትዮጵያ የውኃ ወፍ ለማየት የሚመረጡት ስፍራዎች ሁሉ ተፈጥሮ ያበጀቻቸው አይደሉም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ የሚገኘው ገፈርሳ ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ለማቅረብ የተገደበ ነው፤ ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽን አግዶ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ተሠራ፤ ፊንጫ በ1973 ተከተለ፤ አባ ሳሙኤልም ከሁለቱ የቀደመ የሰው እጅ ሥራ ነው። እነዚህን ውኃዎች የገደቧቸው መሐንዲሶች ስለ ዳክዬና ስለ ዝይ ያሰቡ አይመስለኝም፤ ሆኖም አራቱም ዛሬ ለአእዋፍ ጠቃሚ ተብለው በተለዩ የአገሪቱ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በእንዲህ ያለ ሰው ሠራሽ ውኃ ላይ ብርቅዬ ወፍ ለማየት ለሚወጣ፣ ያየውም ነገር ለጥበቃ ሥራ እንዲያገለግል ለሚፈልግ ሰው ነው። ያለ ቀን፣ ያለ ቦታ፣ ያለ ቁጥርና ያለ ፍለጋው ልክ የቀረበ ምልከታ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስለ ውኃው ለሚወስኑ ሰዎች የሚነግራቸው ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች አብዛኛው ክብደታቸው ያረፈው በማየቱ ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚሠራው ላይ ነው።

አንደኛ፦ ፈቃድ ያግኙ፣ መቆሚያዎን ይምረጡ

ግድብ የሚጠበቅ ተቋም ነው። የርቀት መነጽርና ረጅም ሌንስ ይዞ በግድብ አጠገብ የሚንጎራደድ ሰው ጥበቃውን ቢያሳስብ አይፈረድበትም፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ውኃውን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይያዙ፣ ደብዳቤውም ፎቶ ማንሳትን የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጡ። የግድቡን ግንብ፣ በሮችንና የኃይል ማመንጫውን አያንሱ። እንደደረሱ አስቀድመው ጥበቃዎቹንና በዳርቻው ከብት የሚያግዱትን ልጆች ያነጋግሩ፤ ወፎቹ ሌሊት የት እንደሚያድሩ፣ ጫጩት የታየው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ ውኃው መቼ እንደሚሸሽ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

መቆሚያ ሲመርጡ ከግንቡ ራቅ ይበሉ። በግንቡ በኩል ውኃው ጥልቅ፣ ዳርቻውም ቀጥ ያለ በመሆኑ ወፍ የሚበላው ነገር አያገኝበትም። ሀብቱ ያለው ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ጭራ ላይ፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት፣ ፊላና ቄጠማ በበቀለበት ጥግ ነው። ቆቃ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፦ አዋሽ ይዞት የሚመጣው ደለል የሐይቁን የመያዝ አቅም ክፉኛ ቀንሶበታል፤ መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው ይኸው ደለል ግን ሰፊ ጭቃማ ዳርቻ ፈጥሮ ለውኃ ወፎች ማዕድ ሆኗል። ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋ ከጀርባዎ እንድትሆን በምሥራቁ ዳርቻ፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ በምዕራቡ ይቁሙ። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ የሚታይ ዳክዬ ሁሉ ጥቁር ነው።

ሁለተኛ፦ ወቅቱንና ሰዓቱን ይወስኑ

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ፍልሰተኞች ከመስከረም ጀምረው እየገቡ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይቆያሉ። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በጃንዋሪ አጋማሽ ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከጥር መጀመሪያ፣ ከጥምቀት ሰሞን ጋር ይገጥማል። ታቦት ወርዶ በሚያድርባቸው ዳርቻዎች በከተራና በጥምቀት ዕለት ቆጠራ አያድርጉ፤ ሕዝቡ በዓሉን ማክበሩ ተገቢ ነው፣ ወፎቹ ግን በዚያ ዕለት ሌላ ቦታ ናቸው። ነዋሪዎቹን ወፎች በተመለከተ ክረምቱንም አይርሱት፤ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ በመራቢያ ወቅት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተበትኖ ይቆይና በክረምት በመንጋ ይሰበሰባል።

በቀን ውስጥ የሚመረጠው ከንጋት ጀምሮ ያሉት 3 ሰዓታት ናቸው። ከዚያ በኋላ የሙቀቱ ግለት በቴሌስኮፕ ውስጥ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ማዕበል አስነስቶ ትናንሾቹን ጠላቂ ዳክዬዎች ይሰውራቸዋል።

ሦስተኛ፦ ዕቃዎን ያሰናዱ

8 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላ የርቀት መነጽር፣ ከተቻለ ከ20 እስከ 60 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው፣ ቦታ የሚያመላክት ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ በቂ ናቸው። እርሳስ ያልሁት ዝናብና ጤዛ የእስክሪብቶ ቀለም ስለሚያፈስሱ ነው። ቴሌስኮፕ ከሌለዎት አይቅሩ፤ ነገር ግን እርግጠኛ ሆነው መለየት የቻሉት እስከ ምን ያህል ርቀት እንደነበረ ይጻፉ።

አራተኛ፦ መጽሐፍ ሳይገልጡ ያዩትን ይጻፉ

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ብርቅዬ ወፍ ለማየት ከጓጓ፣ መጽሐፉን ገልጦ ሥዕሉን ካየ በኋላ በውኃው ላይ የሚያየው ሥዕሉን ነው። ስለዚህ አስቀድመው የምንቃሩን ቅርጽና ቀለም፣ የራሱን ጥለት፣ የጅራቱን አኳኋን፣ ሲበር በክንፉ ላይ የሚታየውን፣ እንዲሁም ጠባዩን ማለትም ይጠልቃል ወይስ ከላይ ይለቅማል፣ ሣር ይግጣል ወይ የሚለውን በራስዎ ቃላት ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መጽሐፉን ያመሳክሩ።

በደጋ ግድቦች ላይ በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሳያኖኬን ሳያኖፕቴራ ሲሆን በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ካልሆነ በዓለም ላይ የትም በተፈጥሮ አይገኝም። ቆሞ ሲታይ ግራጫ ያዘለ ቡናማ፣ ወፍራም ላባ የለበሰ፣ ምንቃሩና እግሩ አጫጭር ጥቁር የሆነ ወፍ ነው፤ ስሙን ያሰጠው ፈዛዛ ሰማያዊ የክንፉ ክፍል ጎልቶ የሚታየው ሲበር ነው። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን ጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድ አለው፤ ይህ ልማድ ከሩቅ ለይቶ ለማወቅ ከቀለሙ የበለጠ ይረዳል። በየቦታው የሚገኘው የግብፅ ዝይ ግን ተለቅ ያለ፣ እግሩ ረዘም ብሎ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ በዐይኑ ዙሪያ ቡናማ ቦቃ ያለበት ነው።

ሁለተኛው ማኮዋ ዳክዬ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲዩራ ማኮዋ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋዎችና ከቢሾፍቱ ሐይቆች አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል፤ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ገላው ደማቅ ቀይ ቡናማ፣ ራሱ ጥቁር፣ ምንቃሩ ደግሞ ከሩቅ የሚጣራ ሰማያዊ ነው። ሴቷና ከመራቢያ ወቅት ውጭ ያለው ወንድ ግን ቡናማ ሆነው ጉንጫቸው ላይ ፈዛዛ መስመር ብቻ ይታይባቸዋል። ሁሉም በውኃው ውስጥ ዝቅ ብለው ይንሳፈፋሉ፣ ደጋግመው ይጠልቃሉ፣ ጅራታቸውም ደረቅና ግትር ነው። ሴቷን ከትንሿ ጅራት አልባ መሳይ ጠላቂ ወፍ ጋር ማምታታት ጀማሪዎችን ብቻ የሚገጥም ስህተት አይደለም፤ ጅራቱን ሳያዩ ማኮዋ ብለው አይጻፉ።

ከፍልሰተኞቹ መካከል ደግሞ ነጭ ዐይን ያለው የዝገት ቀለም ዳክዬ ደቡብ ፖቻርድ ከተባለው ዳክዬ ሴት ጋር ይምታታል። ሁለቱም ሲበሩ በክንፋቸው ላይ ነጭ ሰረዝ ስለሚያሳዩ በዚያ አይመሩ፤ የመጀመሪያው ከጅራቱ ሥር ንጹሕ ነጭ ሲሆን፣ የፖቻርዷ ሴት ደግሞ ፊቷ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ነጭ ምልክት አለባት። ለይተው መናገር ካልቻሉ “ያልተለየ ዳክዬ፣ 6” ብሎ መጻፍ የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

አምስተኛ፦ ይቁጠሩ፣ ባዶውንም ይመዝግቡ

ብርቅዬዋን ወፍ ብቻ መዝግቦ መመለስ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። አብረዋት የነበሩት 300 ተራ ዳክዬዎች ካልተቆጠሩ ብርቅነቷ የሚለካበት ነገር የለም። ስለዚህ ዳርቻውን በሚታወቁ ምልክቶች ማለትም በዛፍ፣ በፓምፕ ቤት ወይም በወንዝ መግቢያ ይከፋፍሉትና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ እየሄዱ ይቁጠሩ። ጥቂቶቹን አንድ በአንድ፣ መንጋውን ግን 10 ወፎችን ቆጥረው ያ ምን ያህል ስፍራ እንደሚይዝ በዐይንዎ ከለኩ በኋላ በዚያ ልክ እየደመሩ ይሂዱ፤ በጣም ትልቅ ለሆነ መንጋ ልኩን ወደ 50 ወይም 100 ያሳድጉ። ወደ ቆጠሩት ክፍል የበረረ መንጋ ካለ ሁለት ጊዜ እንዳይደመር ይጻፉት። ጠላቂ ዳክዬዎችን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቁጠሩና ትልቁን ቁጥር ይያዙ፤ ምክንያቱም በማንኛውም ቅጽበት ከመንጋው የተወሰነው ከውኃ በታች ነው።

ፈልገው ያላገኙትን ወፍ “0” ብለው ይጻፉ። በሁለት ተከታታይ ዓመት በዚያው ሰዓትና በዚያው መቆሚያ ተፈልጎ ያልተገኘ ማኮዋ፣ ስለ ውኃው መለወጥ የሚናገረው ነገር አንድ ጊዜ ተገኝቶ ከሚናገረው ሊበልጥ ይችላል።

ስድስተኛ፦ ውኃውን ራሱን ይመርምሩ

ከቆጠራው ጎን ለጎን የሚከተሉትን በአጭሩ ይጻፉ፦ የውኃው ከፍታ ከባለፈው ጉብኝት ጨምሯል ወይስ ሸሽቷል፤ እምቦጭ ምን ያህሉን ሸፍኗል፤ የዓሣ መረብ የተዘረጋው የት የት ነው፤ ከብትና ውሻ እስከ ውኃው ጫፍ ይደርሳሉ ወይ፤ ሽታ፣ አረፋ ወይም ያልተለመደ ቀለም አለ ወይ። እምቦጭ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በቆቃና በአዋሽ መሆኑን ልብ ይሏል፤ አረሙ በጣና ላይ መነጋገሪያ ከመሆኑ ከአርባ ዓመታት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

ጫጩት ካዩ ቁጥራቸውንና መጠናቸውን መመዝገብ ከምንም ነገር ይበልጣል። ጎጆ ለመፈለግ ግን ቄጠማው ውስጥ አይግቡ፤ የሰው ዱካ ለቀበሮም ለውሻም መንገድ ነው። የሞቱ ወፎች በብዛት ካጋጠሙዎት በእጅዎ አይንኩ፤ ቁጥራቸውንና ቦታውን ጽፈው በአቅራቢያ ላለው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። የወፍ ጉንፋን አንዱ ስጋት ነው፤ ሙቀትና ብስባሽ በበዛበት፣ ኦክስጅን ባነሰው ውኃ የሚፈጠረው የቦቱሊዝም መርዝም ዳክዬዎችን በመንጋ ሊፈጅ ይችላል።

ሰባተኛ፦ መዝገቡን በሁለት አቆጣጠር ይጻፉ

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የተለየ ወጥመድ እዚህ አለ። በዓለም አቀፍ መዝገቦች ላይ የሚሞላው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብለው የጻፉት ሳይቀየር ከገባ ወፏ ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት በኋላ እንደታየች ይቆጠራል። የዓመቱ ልዩነትም ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ዓመት ማግሥት ደግሞ እስከ የካቲት ድረስ የአንድ ቀን ፈቀቅታ አለ። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ። ለአጻጻፉ ምሳሌ እንዲሆን ያህል፦

“ገፈርሳ፣ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ መቆሚያ 2። ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 16 ቀን 2025)። ከጠዋቱ 1፡10 እስከ 3፡40 (07፡10–09፡40)። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም፣ ከሐይቁ ሁለት ሦስተኛው ታይቷል። ክንፈ ሰማያዊ ዝይ 14፣ ሁሉም አጭር ሣር ላይ እየጋጡ። ማኮዋ 0። መረብ የለም። ከብት 40 ገደማ።”

የወፉንም ስም በአንድ ቃል ብቻ አይተዉት። በአካባቢው ሰው አነጋገር ዳክዬ፣ ይብራና ዝይ የሚሉት ስሞች ከቦታ ቦታ እየተቀያየሩ ስለሚነገሩ፣ ሳይንሳዊው ስም አብሮ ካልተጻፈ ከዓመታት በኋላ ደብተሩን የሚከፍተው ሰው ምን እንደታየ ሊያውቅ አይችልም።

ስምንተኛ፦ ያረጋግጡና ያሳውቁ

ፎቶ ካለዎት ደብዛዛም ቢሆን አይጣሉት፤ በስልክ ካሜራ በቴሌስኮፑ መነጽር በኩል የተነሳ ምስል ብዙ ጊዜ ጅራትና ምንቃር ለማሳየት ይበቃል። መዝገቡን እ.ኤ.አ. በ1966 ለተመሠረተው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ውኃውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በቅጂ ይስጡ፤ ኢበርድ በተባለው ዓለም አቀፍ የምልከታ መዝገብ ላይም ያስገቡ። ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ነጥብ ግን ለሕዝብ በማይታይ መዝገብ ውስጥ ብቻ ያኑሩ።

ዘጠነኛ፦ የስፍራውን የጥበቃ ዋጋ ይመዝኑ

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ሰው ሠራሽ ውኃ ለወፎቹ በእርግጥ ይጠቅማቸዋል? ረግረጋማ ስፍራዎችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን የተፈረመው የራምሳር ስምምነት ሁለት የታወቁ የቁጥር መለኪያዎች አሉት። አንደኛው ስፍራው ዘወትር 20,000 ወይም ከዚያ በላይ የውኃ ወፎችን መያዙ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ዝርያ ሕዝብ 1 በመቶውን ዘወትር መያዙ ነው። የሁለተኛውን ኃይል ልብ ይበሉ፦ የአንድ ዝርያ ሕዝብ 10,000 ቢሆን 100 ወፍ ብቻ ይበቃል ማለት ነው፤ ትንሽ ግድብ በዚህ በር ሊገባ ይችላል። “ዘወትር” የሚለው ቃል ግን የአንድ ጠዋት ዕድልን አይቀበልም፤ የበርካታ ዓመታት ቆጠራ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአፍሪካና የዩሬዥያ ፍልሰተኛ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል በመሆኗ ቆጠራው በሕግም ፊት መነሻ አለው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመዘነው ወፎቹ በስፍራው የሚሠሩት ነው። የሚራቡበት፣ ላባቸውን የሚቀይሩበት፣ ወይም ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያርፉበት ውኃ እኩል ዋጋ የላቸውም። የማኮዋ የቅርብ ዘመድ የሆነው ባለ ነጭ ራስ ዳክዬ በስፔን እ.ኤ.አ. በ1977 22 ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አደን ከተከለከለና መኖሪያው ከተጠበቀ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ካገገመባቸው ስፍራዎች አንዱ ለመስኖ የተሠራው ኤል ሆንዶ ነው። በዚያው በኤል ሆንዶ ግን ለዓመታት ከአዳኞች ጥይት የተከማቸው እርሳስ ዳክዬዎቹን መርዟቸዋል። በኬፕታውን አጠገብ የሚገኙት የስትራንድፎንቴን የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎችም ማኮዋን ከሚያስተናግዱ የታወቁ ስፍራዎች መካከል ናቸው፤ ኩሬዎቹ ያሉበት ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2015 በራምሳር መዝገብ ሰፍሯል።

ስለዚህ ቆሻሻ ውኃ ሁሉ መጥፎ፣ ንጹሕ ውኃ ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ማኮዋ ከጭቃው ውስጥ ትላትል እየለቀመ የሚኖር በመሆኑ የተጣራ ፍሳሽ ያበለጸገው ኩሬ ይመቸዋል፤ ያልተጣራ የፋብሪካና የከተማ ቆሻሻ በሚወርድበት ውኃ ግን በዚያው ምግብ አማካይነት ብረታ ብረትና መርዝ ይሰበስባል። የአቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው የሚገቡበትን አባ ሳሙኤልን የሚመዝን ሰው፣ ብዙ ወፍ ማየቱን ብቻ እንደ ጤንነት ምልክት አይውሰድ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ላሳስብ። ግድብ ያጣነውን ረግረግ ይተካል የሚል ክርክር ሲቀርብ ለበርጋ ወይም ለሱሉልታ ረግረጋማ ሜዳ ጥበቃ መንፈጊያ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የተባለችው፣ በእጅጉ ለመጥፋት የተቃረበችው ትንሽ ወፍ በክረምት የምትራባው በደጋው ጥቂት ረግረጎች፣ ቁርጭምጭሚት በሚያህል ውኃ ውስጥ በቆመ ረዥም ሣር መካከል ነው፤ ጥልቅ ሐይቅ ይህን ሊሰጣት አይችልም። የፊንጫ ግድብ ራሱ የጮመንን ረግረግ ሰፊ ክፍል በውኃ አጥለቅልቆ ነው የተፈጠረው። ሰው ሠራሹ ውኃ ተጨማሪ ነው ብለው ይጻፉ፤ ምትክ ነው የሚለውን ግን የቆጠራ ማስረጃ ካልደገፈው አይጻፉ።

አሥረኛ፦ ትንሽና የሚቻል ነገር ይጠይቁ

የግድብ አስተዳዳሪ የመጀመሪያ ግዴታው ውኃና ኃይል ማቅረብ ነው፤ ይህን ተቀብሎ የሚመጣ ሰው ይደመጣል። ዳክዬዎች ቄጠማ ውስጥ፣ ከውኃው ወለል ጥቂት ከፍ ብለው ጎጆ ይሠራሉ፤ ውኃው በድንገት ከጨመረ እንቁላሉ ይሰምጣል፣ በድንገት ከሸሸም ጎጆው ለአውሬ ይጋለጣል። ስለዚህ ጫጩት በታየባቸው ሳምንታት ለውጡ ቀስ በቀስ እንዲደረግ መጠየቅ ብዙ ወጪ የማያስከትል ነገር ነው። መረብ ውስጥ ተይዞ መስጠም ለማኮዋ ከታወቁት አደጋዎች አንዱ በመሆኑ፣ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ተነጋግሮ አንድ ጥልቀት የሌለው ጥግ ብቻ ከመረብ ነጻ ማድረግ ሙሉውን ሐይቅ ለመዝጋት ከመሟገት የተሻለ ውጤት ያመጣል።

አጥር ለማጠር ግን አይቸኩሉ። ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የሚግጠው ከብት ያሳጠረውን ሣር ነው፤ ከብቱ ጨርሶ ከተከለከለ ሣሩ ረዝሞ ዝይዋ ልትሸሽ ትችላለች። የፍላፍቴሏ ፍላጎት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በበርጋ የአካባቢው ነዋሪዎች ተደራጅተው ወፏ እስክትፈለፍል ከብት ከሜዳው እንዲርቅ የሚደክሙት በዚሁ ምክንያት ነው። የትኛው ወፍ በየትኛው ጥግ እንዳለ የሚያሳየው ካርታዎ ዋጋ የሚያገኘው እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ ነው።

ከግድቡ አስተዳዳሪ ጋር ያደረጉት ውይይት እንዳበቃ ለሚቀጥለው ቆጠራ ቀን ይያዙ። መቆሚያው፣ የመነሻ ሰዓቱና የዳርቻው አከፋፈል ካለፈው ጋር አንድ ይሁን፤ የደብተሩንም አንድ ቅጂ ለግድቡ ጥበቃ ኃላፊ ይተዉለት፣ እርስዎ በሌሉባቸው ወራት ጫጩት ካየ የሚጽፍበት ባዶ ገጽ ጨምረው።